ስማችሁ ሥር «አይሰራም» የሚል ወረቀት እንዳይለጠፍ፦ የሳይንስ ሙዚየምና ፕላኔታሪየም ስፖንሰር ለማድረግ ለምታስቡ

ማሳያው ቀላል ነበር። ከታች ንፋስ የሚያወጣ ማሽን፣ ከላይ አየር የተሞላች የፕላስቲክ ኳስ። ልጆች ቁልፉን ሲጫኑ ሞተሩ ይነሳል፣ ኳሷ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። ወደ ጎን ልትሸሽ ስትል የአየሩ ጅረት ዙሪያዋን ታጥፎ ይፈስና ወደ መሃል ይመልሳታል። ልጆቹ እጃቸውን እያስገቡ ሊጥሏት ይታገላሉ። እሷ ግን በቀላሉ አትወድቅም።

ማሳያውን ስፖንሰር ያደረገው አንድ ድርጅት ነው። ምረቃው ደማቅ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳ፣ የድርጅቱ ሎጎ ከኳሷ በላይ በትልቁ ተሰቀለ። በ14ኛው ወር ሞተሩ ተቃጠለ። የአየር ማስገቢያው ማጣሪያ በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ውሉን አውጥተን ብናገላብጥ ስለ ጥገና አንድም ቃል የለበትም። የዓመቱ የመለዋወጫ በጀታችን ደግሞ አልቋል። «ለጊዜው አይሰራም» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ያ «ለጊዜው» አምስት ወር ሆነ።

አንድ ቀን ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣ። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫነ። ወረቀቱን ፊደል በፊደል አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ሎጎውን አየና ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እነዚህ ናቸው ያበላሹት?» አለኝ። አንጀቴን በላው። ድርጅቱም አሳዘነኝ። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ በአንድ ሕፃን ዓይን አጥፊ ሆኖ ቀረ።

በሳይንስ ሙዚየም ዎርክሾፕ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ማሳያ ሰርቻለሁ፣ ጠግኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ደግሞ ከስፖንሰሮች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ይህን የምጽፈው ለሳይንስ ሙዚየም ገንዘብ ልትሰጡ ለምታስቡ ሰዎች ነው። ትልቅ ድርጅት ሁኑ፣ ትንሽ ሱቅ ሁኑ፣ ወይም ለልጆች የሆነ ነገር ትቼ ልለፍ የምትሉ ግለሰብ ሁኑ፣ ጉዳዩ አንድ ነው። ገንዘባችሁ ከምረቃው ቀን በኋላም ሥራ ላይ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩ

ፕሮፖዛል ከማንበባችሁ በፊት ሙዚየሙን ሄዳችሁ እዩት። ቀጠሮ አታስይዙ። ቀጠሮ ከያዛችሁ የሚታያችሁ የተወለወለው ብቻ ነው። እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ቆርጣችሁ ግቡ። ጥሩው ሰዓት የሥራ ቀን ረፋድ ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆች የሚመጡት ያኔ ነው።

ደብተር ያዙና የማይሰሩትን ማሳያዎች ቁጠሩ። የተበላሸ ነገር ካያችሁ ግን ወዲያው ፊታችሁን አታዙሩ። እጅ የሚነካው ነገር ሁሉ ይበላሻል። እስቲ አስሉት። በቀን 300 ልጅ ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ይጫናል። ሙዚየሙ በዓመት 300 ቀን ክፍት ነው። ያ ቁልፍ በዓመት 270,000 ጊዜ ተጫነ ማለት ነው። እቤታችሁ ያለ የመብራት ማብሪያ ይህን ያህል ሊነካ ዕድሜ ልክ አይበቃውም። ስለዚህ ከ50 ማሳያ ሦስት አራቱ ቆመው ብታገኙ እኔ አልደነግጥም። አሥራ አምስቱ ቆመው ከሆነ ግን ሙዚየሙ አዲስ ማሳያ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቴክኒሻንና መለዋወጫ ነው። እናንተም ያንን ብትደግፉለት ይበልጥ ትጠቅሙታላችሁ።

ቀጥሎ አንድ ማሳያ ምረጡና ራቅ ብላችሁ 20 ደቂቃ ቁሙ። የልጆቹን እጅ እዩ። ቁልፍ ተጭኖ ወደሚቀጥለው የሚሮጥ ልጅ ምንም አልያዘም። ቆም ብሎ፣ ነገሩን ቀይሮ፣ እንደገና የሚሞክር ልጅ ግን እያሰበ ነው። የጥሩ ማሳያ ትልቁ ምልክት ደግሞ ይህ ነው፦ ልጁ ሮጦ ይሄድና ጓደኛውን በእጅጌው እየጎተተ ያመጣዋል። ይህን ስታዩ የማሳያውን ስም ጻፉ። በኋላ ስትነጋገሩ «እንዲህ ዓይነት ነው የምንፈልገው» የምትሉበት ነገር አገኛችሁ።

ከዚያ ቴክኒሻኑን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መፍቻ ይዞ የሆነ ማሳያ ሥር ተንበርክኮ ታገኙታላችሁ። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳችሁ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚሰጣችሁ መልስ በየትኛውም ፕሮፖዛል ላይ አይገኝም።

ምኑን ነው የምትደግፉት?

አብዛኛው ስፖንሰር ሲመጣ «አዲስ ነገር» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። አዲስ ነገር ፎቶ ላይ ያምራል። አዲስ ማሳያ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ጊዜ ስጡ። ከሐሳብ እስከ ምረቃ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። «ለድርጅታችን የምሥረታ በዓል በሦስት ወር ይድረስልን» የሚል ጥያቄ ስንቱን ጥሩ ሐሳብ እንዳበላሸ እኔ አውቃለሁ።

ጊዜው የሚያስፈልገው ለሙከራ ነው። እኛ ማንኛውንም ማሳያ መጀመሪያ በካርቶንና በፕላስተር እንሰራዋለን። አዳራሹ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ዝም ብለን እናያለን። አንድ ጊዜ ስለ ጥርሳም ጎማ (ማርሽ) የሚያስረዳ ማሳያ ሰራን። እጀታውን በማዞር ክብደት ይነሳል። ለእኛ ግልጽ ነበር። ልጆቹ ግን ሲመጡ አብዛኞቹ እጀታውን ይስቡታል። «አዙር» የሚል ጽሑፍ ጨመርን፤ ማንም አላነበበም። መጨረሻ ላይ ቀጥ ያለውን እጀታ አንስተን እንደ ስፌት መኪና መዘውር ክብ አደረግነው። ሁሉም አዞሩት። ይህ ለውጥ ካርቶን ላይ ሲደረግ ወጪው ጥቂት ካርቶንና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ብረቱ ከተበየደ በኋላ ቢሆን ኖሮ ግን ግማሹን በጀት ይበላ ነበር። ፍራንክ ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1969 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የመሠረተው ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለ የሳይንስ ሙዚየም ዎርክሾፑን ጎብኚ እንዲያየው አድርጎ ነው ያስቀመጠው። የሚሰራውና የሚሞከረው ነገር ከጎብኚው አይርቅም። እንግዲህ ስፖንሰር ስትሆኑ በጀቱ ውስጥ «ሙከራ» የሚል መስመር መኖሩን እዩ። ከሌለ ራሳችሁ ጠይቁ።

እኔ ግን በግሌ የምመክረው ሌላ ነው። ልጆች የሚወዱትን፣ ያረጀውን ማሳያ አሳድሱ። ማሳያው መሥራቱ ተረጋግጧል። ከአዲስ ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርሳል። «ይህ ማሳያ በእገሌ ድጋፍ ታደሰ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ደግሞ ያኮራል እንጂ አያሳፍርም።

ይዘቱን በተመለከተ ሁልጊዜ የማነሳው ምሳሌ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1961 አይቢኤም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለነበረው የካሊፎርኒያ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ማቴማቲካ የተባለ ኤግዚቢሽን ስፖንሰር አደረገ። የሰሩት ቻርልስና ሬይ ኢምስ የተባሉ ባልና ሚስት ዲዛይነሮች ናቸው። አይቢኤም ኮምፒውተሮቹን መደርደር ይችል ነበር። ኤግዚቢሽኑ ግን ስለ ሒሳብ ነበር። በ512 አምፖል የተሰራ የማባዣ ኪዩብ፣ ኳሶች እየወረዱ የዕድልን ሕግ የሚያሳዩበት ማሽን፣ የሳሙና አረፋ የሚዘረጋባቸው የሽቦ ቅርጾች። ግልባጩ ቦስተን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ታይቷል። የያኔዎቹ ኮምፒውተሮች ቢደረደሩ ኖሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ያረጁ ነበር። ማባዛት ግን አያረጅም። ምርታችሁን ሳይሆን ምርታችሁ የቆመበትን ሳይንስ ስፖንሰር አድርጉ። ቀለም የምትሸጡ ከሆነ ስለ ብርሃን። ባንክ ከሆናችሁ ስለ ዕድልና ቁጥር። የቧንቧ ዕቃ አስመጪ ከሆናችሁ ስለ ግፊት።

ዕቃ በዓይነት መስጠትም ይቻላል፤ ግን ሳትጠይቁ አትስጡ። አንድ ድርጅት ከቢሮው ያነሳቸውን 12 ስክሪኖች በመኪና ጭኖ አመጣልን። ልባቸው ጥሩ ነበር። ስክሪኖቹ ግን ቀኑን ሙሉ እንዲበሩ የተሰሩ አልነበሩም፤ ኬብላቸውም ከኛ ጋር አይገጥምም። ዕቃ ቤት ገብተው አቧራ ጠጡ። በተቃራኒው ቦስተን ያለው ያ ግዙፍ የቫን ደ ግራፍ ማሽን፣ ሰው ሰራሽ መብረቅ የሚያስፈነጥረው፣ ኤምአይቲ ከተባለው ዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ነው። ለምርምር የተሰራ መሣሪያ ነበር፤ ዛሬ ልጆች ጆሯቸውን ይዘው የሚያዩት ትርኢት ሆኗል። ልዩነቱ ያለው ሙዚየሙ የሚፈልገውን ቀድሞ መጠየቅ ላይ ነው።

ፕላኔታሪየም ራሱን የቻለ ዓለም ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፕላኔታሪየም፣ ማለት ሰማዩን ጉልላት ላይ የሚያሳይ አዳራሽ፣ ስፖንሰር የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚገዛ አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በሙኒክ ነው። የዶይቸስ ሙዚየም መሥራች ኦስካር ፎን ሚለር ሰማዩን ቤት ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ፈለገ። ካርል ዛይስ ከተባለው ኩባንያ ዋልተር ባወርስፌልድ መልስ አመጣለት። ጉልላቱን ከማዞር ይልቅ መሃል ላይ ፕሮጀክተር አስቀምጦ ብርሃኑን ማዞር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1923 ሙኒክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ወደ 4,500 ኮከብ ያሳይ ነበር። በ1925 ለሕዝብ በቋሚነት ተከፈተ።

ከዚያ ለጋሾች መጡ። ማክስ አድለር የተባለ ጡረታ የወጣ ነጋዴ ጀርመን ሄዶ መሣሪያውን አየው። ተመልሶ በራሱ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1930 ቺካጎ ላይ ፕላኔታሪየም አስከፈተ። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ቻርልስ ሄይደን የተባለ የባንክ ሰው ፕሮጀክተሩን ገዛ፤ በ1935 ተከፈተ። ሁለቱም ስማቸው እስካሁን በር ላይ አለ። ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የግሪፊዝ ጄ. ግሪፊዝ ኑዛዜ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1919 ሞተ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለሚሰራው የሥነ ፈለክ መመልከቻ ገንዘብ ትቶ መግቢያው ለሕዝብ ነጻ እንዲሆን ተናዘዘ። በ1935 ተከፈተ፤ ሕንጻው ዛሬም በነጻ ይገባበታል። ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ካማራችሁ እንዲህ ያለውን አስቀምጡ።

አሁን ወደ ሥራው። በዛሬ ፕላኔታሪየም ውስጥ ገንዘብ የሚፈልጉት ነገሮች ብዙ ናቸው። ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

የፊልም ፈቃድ አለ። ጉልላቱን ሙሉ የሚሸፍኑ፣ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 45 ደቂቃ የሚረዝሙ ፊልሞች ይከራያሉ። የሚከፈለው ለተወሰነ ዓመት ነው። ስለዚህ «ፊልሙን ገዛንላቸው» ከማለታችሁ በፊት ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ። የጥራት ደረጃውንም ጠይቁ። 4ኬ ማለት በጉልላት ቋንቋ 4,096 በ4,096 ነጥብ ያለው ክብ ምስል ነው። የሙዚየሙ ፕሮጀክተር ከዚያ በታች ከሆነ ለ8ኬ ፊልም መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ደግሞ ሁሉም ነገር አይገዛም። የአውሮፓ ደቡባዊ የሥነ ፈለክ ተቋም ለፕላኔታሪየሞች በነጻ የሚሰጣቸው ፊልሞችና ምስሎች አሉት። ሰማዩን የሚያሳዩት ስቴላሪየምና ኦፕንስፔስ የተባሉት ሶፍትዌሮችም ነጻ ናቸው። ሙዚየሙ እነዚህን ከተጠቀመ የእናንተ ገንዘብ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

ወደ ምን? ወደ ድምፅ። አንድ ነጻ ፊልም ወስዶ ጎብኚዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ማስተርጎም፣ በጥሩ ተራኪ ማስነበብ፣ በባለሙያ ማስመርመር። እኔ ካየኋቸው ስፖንሰሮች ትንሽ ገንዘብ ሰጥቶ ብዙ የጠቀመው በራሳቸው ቋንቋ ትረካ ያስቀዳው ነው። በውጭ ቋንቋ ሲሆን ልጆቹ ምስሉን ብቻ ያያሉ። በቋንቋቸው ሲሆን ጨለማው ውስጥ ይጠይቃሉ። «ሳተርን ቀለበቱን ከየት አመጣው?» የሚል ድምፅ ከኋላ ረድፍ ይሰማል።

ወደ ሰውም ይሄዳል። በቀጥታ የሚቀርብ ፕሮግራም፣ ማለት አንድ አቅራቢ ማይክ ይዞ የዛሬን ማታ ሰማይ የሚያሳይበት፣ ከየትኛውም ፊልም ይበልጥብኛል። ልጁ ማታ ወጥቶ ያንኑ ኮከብ ራሱ ያገኘዋል። ፊልም ግን አቅራቢውን ሊተካው አይችልም። ስለዚህ የአንድ አቅራቢ የዓመት ደመወዝ ስፖንሰር ማድረግ ትችላላችሁ። ማንም አይጠይቀውም፤ ሙዚየሙ ግን በደስታ ይቀበላል።

መሣሪያውን የምትደግፉ ከሆነ ስለ መብራቱ ጠይቁ። የድሮዎቹ የዜኖን አምፖሎች ከጥቂት መቶ እስከ ሁለት ሺህ ሰዓት ገደማ ሰርተው ይቀየራሉ። የሌዘር ፕሮጀክተሮች 20,000 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ ይወደዳል፤ በአምስት ዓመት ሲሰላ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ብዙ ገንዘብ ከሌላችሁ በአየር የሚነፋ ተንቀሳቃሽ ጉልላት አለ። አንድ ክፍል ተማሪ ውስጡ ይቀመጣል። በመኪና ተጭኖ ሙዚየሙ ድረስ መምጣት ወደማይችሉ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። የመኪናውን፣ የነዳጁንና የአቅራቢውን ወጪ አብራችሁ ካልቻላችሁት ግን ጉልላቱ ታጥፎ ዕቃ ቤት ይቀራል።

አሁን ስለ ሎጎው። ይህን በደንብ አንብቡልኝ።

አንድ ጊዜ ስፖንሰራችን ሎጎው ፕሮግራሙ መሃል ላይ ጉልላቱን ሞልቶ እንዲታይ ፈለገ። ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ። ተከራከርን፣ ተሸነፍን። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አቅራቢያችን ልጆቹን ቀስ በቀስ ወደ ጨለማ አስገብታቸዋለች። በጣም ደብዛዛዎቹ ኮከቦች ገና መታየት ጀምረዋል። ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። በዚህ መሃል ያ ነጭ ሎጎ ቦግ አለ። ልጆቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አንዲት ሕፃን አለቀሰች። ሎጎው ሲጠፋ ኮከቦቹ የሉም። ማለት አሉ፤ የሚያያቸው ዓይን ነው የጠፋው። ለመልመድ ሌላ ብዙ ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ እያለቀ ነው።

ሎጎ መቼ ይታይ? ሰው ገብቶ ቦታ ሲይዝ፣ መብራቱ ገና ሳይደበዝዝ። መጨረሻ ላይም መብራት ከበራ በኋላ። ጨለማ ውስጥ ግድ መታየት ካለበት በደብዛዛ ቀይ ይሁን፤ ለጨለማ የተለማመደው የዓይናችን ክፍል ቀይን ብዙም አያይም። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አቅራቢው በአፉ «የዛሬውን ጉዞ ያዘጋጁልን እገሌዎች ናቸው» ብሎ መጀመሩ ነው። ስማችሁ በሰው ድምፅ ሲጠራ ሞቅ ይላል።

ገንዘቡን መከፋፈል

የእኔ ልማድ ይህ ነው። ከመቶው 60 ለሥራው ራሱ። 10 ለሙከራና ለማስተካከያ። 20 ለጥገና፤ ይህ በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ለሌላ ነገር የማይነካ። ቀሪው 10 ለምረቃ፣ ለማስታወቂያና ለጎብኚ ጥናት። ብዙ ስፖንሰሮች 20ውን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። «ገና ሳይሰራ ስለ መበላሸት ታወራላችሁ?» ይላሉ። የኳሷን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ክፍያው በአንድ ጊዜ አይሁን። በሥራው ደረጃ ይከፈል፦ ንድፉ ሲጸድቅ፣ የካርቶን ሞዴሉ ተሞክሮ ውጤቱ ሲቀርብ፣ ሥራው ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከተመረቀ ከስድስት ወር በኋላ ማሳያው እየሰራ ከሆነ። ይህ ለሁለታችሁም ጥሩ ነው። ስለ ግብር ቅነሳና ደረሰኝ ደግሞ የሒሳብ ባለሙያችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። ስፖንሰርነትና ልገሳ በግብር ዓይን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በምላሹ ማስታወቂያ ካገኛችሁ ጉዳዩ ይለያል።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት

ውል ሲባል ጠብ የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንኳን በወዳጆች መካከል ነው የምፈልገው።

ዋናው አንቀጽ ይዘቱን ማን እንደሚወስን የሚናገረው ነው። ሙዚየሙ ነው የሚወስነው። በቃ። እናንተ ባለሙያ ማቅረብ፣ አስተያየት መስጠት፣ የቴክኒክ ስህተት ማረም ትችላላችሁ። የመጨረሻው ቃል ግን የእነሱ ይሁን። አንድ ትልቅ የውጭ ሙዚየም ስለ አየር ንብረት ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ከነዳጅ ኩባንያ ጋር በገባው ውል ውስጥ «የስፖንሰሩን ስም የሚያጎድፍ ነገር አልናገርም» የሚል አንቀጽ ተገኝቶ መነጋገሪያ ሆኗል። ውሉ ሲታወቅ የተጎዳው ሙዚየሙ ብቻ አልነበረም። ሰው ኤግዚቢሽኑ ላይ ያለውን እውነተኛ ሳይንስም ጭምር ተጠራጠረ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ጠበቃችሁ ቢያስገባ እናንተ አስወጡት።

ስም ለስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን ጻፉ። የማሳያ ስም ለአምስት ዓመት፣ የአዳራሽ ስም ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ዓመት ብሎ መወሰን ጥሩ ነው። ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ የት እንደሚቀመጥ በስዕል ይያያዝ። ማሳያው ሲነሳ ስማችሁ አብሮ ይነሳል ወይስ ወደ ሌላ ይዛወራል? የሙዚየሙ ወይም የእናንተ ስም በከባድ ነገር ቢጎድፍ እንዴት ትለያያላችሁ? ሌላ ተፎካካሪ ድርጅት ጎናችሁ ያለውን ማሳያ ስፖንሰር ማድረግ ይችላል ወይ? እኔ «አይችልም» የሚለውን አልወደውም። ለአንድ ማሳያ ብላችሁ ሙሉውን ሙዚየም አትዝጉበት።

ደግሞ ይህችን ጨምሩ፦ ማሳያው ከአሥር ቀን በላይ ከቆመ ሙዚየሙ ያሳውቃችኋል። ያለ ወቀሳ። ለማወቅ ብቻ። ያቺ አንቀጽ ብትኖር ኖሮ የኳሷ ድርጅት በ11ኛው ቀን ሞተሩን ይገዛልን ነበር። በኋላ ሲሰሙ ያሉኝ ይህንኑ ነው፦ «አንድ ስልክ ብትደውሉልን ምን ነበር?» እውነታቸውን ነው። አፍረን ነው ያልደወልነው።

አካል ጉዳተኞችንም አትርሱ። ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር ይገባል? ቁልፉ ይደርስበታል? የማያይ ልጅ በእጁ ዳሶ የሚያውቀው ነገር አለ? ለድምፅና ለብርሃን ስሜታቸው ለሚበረታ ልጆች ድምፁ ቀነስ፣ መብራቱ ፈዘዝ ያለ የፕላኔታሪየም ሰዓት በወር አንድ ጊዜ ማዘጋጀት ይቻላል። ወጪው ጥቂት ነው፤ ስፖንሰር ግን ብዙም አያገኝም።

ከምረቃው በኋላ

ምረቃውን አሳጥሩት። ንግግር ሁለት ይበቃል። ሪባኑን ልጅ ይቁረጠው፤ ከዚያ ወዲያው ማሳያውን ይንካው።

ሠራተኞቻችሁን አምጡ። የምትደግፉት ማሳያ ስለ ብርሃን ከሆነና እናንተ ጋ የመነጽር ባለሙያ ካለ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ማሳያው አጠገብ ቆሞ ከልጆች ጋር ያውራ። ሙዚየሙ መጀመሪያ ያሰልጥነው። መልስ ከመስጠት ይልቅ መጠየቅ ይማራል፤ ባለሙያ ሰው ላይ ይህ ከባድ ነው።

ሪፖርት ስትጠይቁ «ስንት ሰው አየው» በሚለው አትቁሙ። በሩ የገባ ሁሉ ማሳያውን አላየም። ሰው ማሳያው ጋ ስንት ሰኮንድ ይቆያል? ስንቱ ተመልሶ ይመጣል? በዓመቱ ስንት ቀን ቆሞ ነበር? እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በሩብ ዓመት አንድ ገጽ ላይ ቢያመጡላችሁ ይበቃል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

ብዙ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ሐሳቡን ይተወዋል። ስለዚህ ደብዳቤውን እኔ ልጻፍላችሁ፤ እናንተ አስተካክሉት።

«ባለፈው ሳምንት ሙዚየማችሁን ጎብኝተናል። ልጆች ጓደኞቻቸውን እየጎተቱ የሚያመጡባቸውን ማሳያዎች አይተናል፤ ቆመው ያየናቸውም አሉ፣ ዝርዝራቸውን አያይዘናል። ለሦስት ዓመት የሚቆይ ድጋፍ ማድረግ እንፈልጋለን፤ ጥገናንም ይጨምራል። ምን እንደምንደግፍ ከመወሰናችን በፊት እናንተ ምን እንደምትፈልጉ እንድትነግሩን፣ ለዚህም አንድ ሰዓት እንድትሰጡን እንጠይቃለን። በስብሰባው ላይ ማሳያዎቹን የሚጠግን ባልደረባችሁ ቢገኝልን ደስ ይለናል።»

አድራሻውን ለሥራ አስኪያጁ አድርጉት። ግልባጭ ለቴክኒክ ክፍል።